ቁጭ ብሎ ያነሳው ስልክ

በእግዜር ቸርነት ከጦር ሜዳ ተርፎ፣ በስልክ መሐንዲስነት የሸበተ አንድ ሰው ነበር። ጡረታው ደርሶለታል። ታዲያ በዚያ አገር አዲስ የተሾሙት አገረ ገዥ ሲደውሉ፣ ሹሙም ጸሐፊውም ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ ባያዩትም እጅ እየነሳ ነበር የሚያናግራቸው።

አንድ ቀን መሐንዲሱ ሽቦ ሲቀጥል ደወሉለትና ቁጭ እንዳለ መለሰላቸው። ነገር አመላላሽ መቼ ይጠፋል፣ ወሬው ጆሯቸው ገባ። በሹማምንቱ ፊት አስጠሩት።

«አንተ! ትናንት ስደውልልህ ቆመህ ነበር ወይስ ተቀምጠህ? ቆሜ ብትል ያየህ ምስክር አለ። ተቀምጬ ብትል ንቀኸኛልና ሥራህንም ጡረታህንም እርሳው!» አሉት።

መሐንዲሱ የልጆቹን እንጀራ አሰበ፤ ዋሽቶ እንደማያመልጥም አወቀ። ለጥ ብሎ እጅ ነሳ።

«ተቀምጬ ነበር፣ ጌታዬ። ጦር ሜዳ ሳለን ጄኔራላችን ሲደውሉልኝ፣ ጥይቱ በላዬ እያፏጨ፣ ምሽግ ውስጥ በደረቴ ተኝቼ ነበር የማናግራቸው። እሳቸውም ‹ጠላት የት ደረሰ?› ይሉኝ ነበር እንጂ ‹ተነስተሃል ወይ?› ብለውኝ አያውቁም። እርስዎን ግን አከበርኩና ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።»