ከላይ የወረደ በረከት

ፊታውራሪ ጓንጉል አዲሱን ሽንት ቤታቸውን ያስቆፈሩት ከመንደሩ የውሃ ጉድጓድ በላይ ነበር። እሳቸው የሚጠጡት ከጓሯቸው ምንጭ ስለሆነ ነገሩ አላሳሰባቸውም። ክረምት ገባና መንደሩን ሁሉ ተቅማጥ አጣደፈው። ሕዝቡ ተሰብስቦ አቤት ቢላቸው ቱግ አሉ።

«ከእኔ ቤት የሚወርድ ሁሉ በረከት ነው! ምስጋና ሲገባኝ ጭራሽ ታማርራላችሁ? በሉ፣ አሁኑኑ አመስግኑኝ!»

ሁሉም አንገቱን ሲደፋ፣ ምላሷ የሚፈራ አንዲት ባልቴት ወጣ ብላ እጅ ነሳች።

«እውነት ብለዋል ጌታዬ። በረከቱስ ከሆዳችን አልፎ ተርፏል። ግን ለእርስዎ የአፍ ምስጋና ያንስብዎታል፤ እኛም መቼም ውለታ ቢሶች አይደለንም። ከምንጭዎ በላይ ያለችውን ጉብታ ብቻ ይፍቀዱልን፤ መንደሩ በሙሉ በየተራ እየወጣ፣ ቁጢጥ ብሎ የተቀበለውን ይመልስልዎታል።»