እሬቱ በሕፃኑ አፍ የጣፈጠበት የእመቤታችን ተአምር

ወይዘሮ ይመናሹ ምራቷን ወለተ ሐናን በደለች፤ የበደለቻትም በዱላ አይደለም፣ በስድብም አይደለም፣ በመድኃኒት ነው። የአምላክን እናት የምትወዱ ክርስቲያኖች ሁሉ፣ ጆሯችሁን አዘንብሉና የሆነውን ስሙ።

ይህች ወለተ ሐና ከደጋ ወደ ቆላ የተዳረች፣ አንደበቷ ቁጥብ፣ እመቤታችንን እንደ ወላጅ እናቷ የምትወድ ሴት ነበረች፤ ባሏ ዘለቀ በወባ ሞቶ ላዕከ ማርያም የሚባል የሚጠባ ልጅ ትቶላት ነበርና፣ ሕፃኑን ወደ ጡቷ ባስጠጋች ቁጥር አስቀድማ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ትልና፣ «እመቤቴ፣ ያንቺ ልጅ ጠግቦ እንዳደረ የእኔም ጠግቦ ይደር» ብላ ትለምን ነበር። ይህንንም ልመና እንቅልፍ ሲጥላትም ሆነ ሥራ ሲበዛባት አታስታጉልም።

አማቷ ግን የልጅ ልጇን ወድዳ እናቱን ጠላች። ሕፃኑ በእጇ ከቀረ የሟቹ መሬት አብሮ ይቀራልና፣ ምራቲቱም ባዶ እጇን ወደ ደጋዋ ትመለሳለችና፣ ይህን በልቧ ስታብሰለስል ሳለ የወለተ ሐና ጡት ጫፉ ተሰነጠቀና ይደማ ጀመር። ያን ጊዜ ወይዘሮ ይመናሹ ወደ ድንጋያማው ተረተር ወጥታ እሬት ቆርጣ መጣች።

«ነይ እስቲ፣ የኔ ምስኪን» አለቻት፤ «እናንተ ደገኞች ከገብስ በቀር ምን ታውቃላችሁ! ይኸ ቁስል ያደርቃል፤ እሳት ያቃጠለውን ያበርዳል፤ የበቅሎ ገጣባ እንኳ ይሽርበታል።»

መድኃኒትነቱስ እውነት ነው፤ ሐሰት አልተናገረችም። ነገር ግን ከልጡ ሥር የሚንጠባጠበው ቢጫ ወተት ከሐሞት ይልቅ መራራ መሆኑን፣ የሕፃንንም ሆድ እንደሚያጥብ፣ የቆላ እናቶችም ልጅ ጡት ሲያስጥሉ እርሱን እንደሚቀቡ አልነገረቻትም፤ በእርሷ አገር እሬት አይበቅልምና ወለተ ሐና ከየት ትወቀው? እግዜር ይስጥልኝ ብላ ተቀባች። ቁስሉም ይሽር ጀመር፤ ሕፃኑ ግን ጡቱን ቀምሶ ፊቱን አጨማደደና ጮኸ፤ መልሳ ብታቀርበው ራሱን አዞረ። ከዚያም ቀን በኋላ ጠዋት ማታ እሬቱን እየተቀባች፣ ጎረቤት በሚሰጣት ጥቂት የፍየል ወተት ነፍሱን እያቆየች፣ እየከሳ የሄደውን ፊቱን እያየች፣ «ምን አድርጌህ ነው፣ አባቴ?» እያለች ታለቅስ ነበር።

አማቲቱ ግን መንደሩን ዞረች። «እናቱን የተጸየፈ ሕፃን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባሏን የበላው እርግማን ወደ ጡቷ ወርዷል!» አለችና ሽማግሌ ሰበሰበች፤ ሽማግሌዎቹም፣ መቼም ወንድ ስለ ጡት ሲፈርድ እንዲህ ነው፣ «በቤተ ክርስቲያን ደጅ ታጥባው፤ ከጠባ የእርሷ፣ እምቢ ካለ የአያቱ ይሁን» ብለው ቆረጡ።

በቀጠሮውም ጠዋት ወይዘሮ ይመናሹ «በሰው ፊት ደምቶ እንዳያሳፍርሽ» ብላ እሬቱን አወፍራ ቀባቻት፤ ወለተ ሐናም አልጠረጠረችም፤ ቁስሉን ያዳነለትን ማን ይጠረጥራል? ከዚያም ወደ ማርያም ደጅ ሄዱና፣ የደብሩ ገበዝ ቄስ መንክርና ሽማግሌዎቹ ከወይራው ሥር ተቀመጡ፤ ሴቶችም ነጠላቸውን ዘርግተው እናቲቱን ከለሏት። የሕፃኑ ለቅሶ ከረኀብ የተነሣ ደክሞ እንደ ድመት ግልገል ድምፅ ቀጥኖ ነበር። እርሷም እንደ ልማዷ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» አለች፤ የቀረውን ልመና ግን ዕንባዋ ዋጠው።

ያን ጊዜ ነጠላ ከያዙት መካከል ከዚያ በፊት አይታት የማታውቃት አንዲት ሴት ጎንበስ አለችና፣ በነጠላዋ ጫፍ የሕፃኑን ከንፈር ጠረገችለት፤ «ጥባ፣ ልጄ፤ እኔም አጥብቼ አውቃለሁ» አለችው። ሕፃኑም ጡቱን ያዘ፤ ያዘና አልለቀቀም፤ ሲውጥ የጉሮሮው ድምፅ ከሽማግሌዎቹ ዘንድ ተሰማ። ወለተ ሐና ቀና ብላ ብታይ ያች ሴት የለችም፤ ሌሎቹን ብትጠይቅም ያያት አልነበረም።

አዋላጇ ጠጅቱ ግን የጡቷን ቢጫነት ተመልክታ በጣቷ ነካችና ቀመሰች፤ እንትፍ አለችና «ኧረ ምን ጉድ ነው! ይኸማ እሬት ነው፤ ጡት ማስጣያ! ልጁስ እንዴት ይጠባዋል?» ብላ ጮኸች።

ወለተ ሐናም «አማቴ ለቁስሌ የቀቡኝ ነው» አለች፣ በየዋህነት።

«እኔ የቀባኋት ቅቤ ነው፣ ማርያምን!» አለች ወይዘሮ ይመናሹ፤ ነገር ግን ጥፍሯ ሥር ሁሉ ቢጫ ነበረ።

ቄስ መንክርም ጣቷን አይተው «ቅቤ ከሆነማ ላሺው» አሏት። ላሰችው፤ ፊቷም ተጨማደደ፤ አንዱ እሬት ለአያቲቱ ሐሞት፣ ለልጅ ልጇ ማር ሆኖ ተገኘ። ሴቶቹም እልል አሉ፤ ሽማግሌዎቹም አፍረው ልጁንም የአባቱንም መሬት ለእናቱ ፈረዱ፤ ወለተ ሐናም በደጀ ሰላሙ ተደፍታ መሬቱን እየሳመች እመቤታችንን አመሰገነች።

የላዕከ ማርያምን አፍ ያጣፈጠች እመቤት የእናንተንም ቤት ታጣፍጥ፤ የሚያጠቡትን ትባርክ፤ የተራቡትን ሕፃናት ታጥግብ፤ ግማሽ እውነት ከሚናገር አንደበትም ሁላችንን ትሰውረን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።

ወይዘሮ ይመናሹም ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ከምራቷ እግር ሥር ወድቃ «ማሪኝ፣ ልጄ» ብላ ባለቀሰች ጊዜ፣ እስከዚያች ሰዓት አንድም ክፉ ቃል ያልመለሰችው ወለተ ሐና ክንዷን ይዛ አነሣቻትና እንዲህ አለቻት፦

«እማማ፣ ቁስሌስ በእጅዎ ድኗል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ለሌላ አራስ ሲሰጡ ግን ‹ታጥበሽ አጥቢ› ማለቱን አይርሱ። በሉ አሁን ልጁን ይያዙልኝ፤ ክንዴ ዛለ።»