የቢረሳው ክብ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ተረት ተረት ስል የሚያንቀላፋ ካለ ወደ ቤቱ ይሂድ፤ ለእንቅልፋም ተረት አላባክንም።

በድሮ ዘመን ቢረሳው የሚባል ሠዓሊ ነበረ። እጁ ጎበዝ፣ ልቡ ችኩል። አንድ ቀን ንጉሡ አዲስ ቤተ ክርስቲያን አሠሩና አስጠሩት።

«በእመቤታችን ራስ ዙሪያ የብርሃን ክብ ሣል። ያለ መለኪያ ገመድ፣ ብሩሽህን ሳታነሣ። ሦስተኛው ሙከራህ ከጠመመ ግን ዳግመኛ ብሩሽ እንዳትይዝ» አሉት።

ቢረሳው ከብሩሽ ሌላ መተዳደሪያ የለውም። ይህን ምክር ለንጉሡ የሰጠው የግቢው ሠዓሊ፣ አለቃ ፈንታ ነው። ቅናተኛ! ስሙን ስጠራ እንኳ ያናድደኛል።

በመጀመሪያው ቀን ቢረሳው እየሮጠ መሰላል ላይ ወጣ። ልቡ ቀድሞ ጨረሰ፣ እጁ ወደ ኋላ ቀረ። ክቡ ዱባ መሰለ። በኖራ አጠፉት።

ወደ አንድ ባሕታዊ ሄደ።

«አባቴ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«የሚንቀጠቀጠው ልብህ ነው። እዚህ ካለው ምንጭ ዳር ተቀመጥ። የደፈረሰው እስኪጠራ ዝም በል።»

ሰባት ቀን ተቀመጠ። በመጀመሪያው ቀን ሐሳቡ ገበያ ውሎ መጣ። በሰባተኛው ቀን ውኃውም ጠራ፣ ልቡም ጠራ።

በሁለተኛው ሙከራ እጁ ረጋ። ክቡ እኩሌታ ሲደርስ አለቃ ፈንታ ከሥር ሆኖ «እባብ!» ብሎ ጮኸ። ቢረሳው ዘለለ፤ ብሩሹ እስከ ጣሪያው ፈረጠጠ። አሁንም በኖራ አጠፉት።

ምስኪን፣ አለቀሰ። ከዚያ በዱላ ምክቶሽ አገር ወዳወቃቸው ሽማግሌ፣ ወደ አያ ደምሌ ሄደ።

«ዝም ማለት ተምሬአለሁ። ሰው ሲያስደነግጠኝ ግን እወድቃለሁ» አላቸው።

አያ ደምሌ ትከሻውን በዱላ መቱት።

«ዱላውን አትይ፣ ሰውየውን እይ። እግርህን ትከል። ምት የሚነሣው ከተረከዝ ነው።»

አንድ ወር ሙሉ ተመታ፣ መከተ፣ ተመታ፣ መከተ። በመጨረሻ ዱላ ሲመጣበት ትንፋሹ እንኳ አልተለወጠም።

የሦስተኛው ሙከራ ቀን ደረሰ። ንጉሡም መጡ። ቢረሳው መጀመሪያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ዝም አለ። ሰው «ተኛ እንዴ?» እያለ ሳቀ። ከዚያ ተነሣ፣ መቀነቱን አጠበቀ፣ ወጣ፣ ጀመረ።

ክቡ እኩሌታ ሲደርስ አለቃ ፈንታ «መሰላሉን ልደግፍለት» ብሎ ቀረበና ነቀነቀው። ቢረሳው ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ከመሰላሉ ጋር ተወዛወዘ፤ እጁ ግን መንገዱን አልሳተም። የክቡ ጫፍ ከመነሻው ጋር ገጠመ።

ንጉሡ ሁሉን አይተዋል። «ይህን ሰው ምን ላድርገው?» አሉ።

«ለእኔ ይተዉልኝ፣ ንጉሥ ሆይ።»

እንደምታውቁት በእኛ ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል። ክፉ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው። ቢረሳው አለቃ ፈንታን በግድግዳው ላይ ከአጋንንቱ መሐል፣ መሰላል እንደያዘ፣ በአንድ ዓይን ሣለው።

«ሁለተኛዋን ዓይኔን ጨምርልኝ!» ብሎ ለመነው።

«ከምንጩ ዳር ሰባት ቀን ተቀመጥ፤ ከአያ ደምሌ ዘንድ አንድ ወር ተመታ። ከዚያ አብረን እንደ አዲስ እንሥልሃለን» አለው ቢረሳው።

«ማን ያን ሁሉ ይጠብቃል?» አለና አለቃ ፈንታ እየሮጠ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ዓይኗን ራሱ ጨመራት። ፊቱ በጎን ስለሆነ ቦታ አጥታ ጆሮው ላይ አረፈች። አገር ሳቀበት፤ እስኪሞትም «ባለ ጆሮ ዓይኑ» ተባለ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በሉ እኔ ተረቴን ሰጥቻለሁ፣ እናንተ ዳቦዬን አምጡ፤ ደግሞ ሳትሮጡ።