ሠላሳ ሰባት እርምጃ

አንድ ተመራማሪ ነበር። ስሙ አስናቀ ነው፤ ሰው ሁሉ ግን ዶክተር እያለ ነው የሚጠራው። ሥራው ከእርሾ ጋር ነበር። ሊጥ የምታነሳውን ያችን ዓይን የማያያት ፍጥረት ወስዶ፣ ዘረመሏን ቆርጦና ቀጥሎ፣ ስኳር በልታ የትኩሳት መድኃኒት እንድታወጣ አስተምሯታል። መድኃኒቱ ከዚያ በፊት ከአንድ ዛፍ ቅርፊት ብቻ ነበር የሚገኘው። ዛፉ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ በሽተኛ ደግሞ ዓመታት አይጠብቅም። ስለዚህ ሐሳቡ መልካም ነበር። ችግሩ፣ እርሾዋ መድኃኒቱን የምትሰጠው በጠብታ መሆኑ ነው።

ዶክተሩ ምን አንቆ እንደያዛት ለማወቅ ውስጧን ማየት ነበረበት። እርሾ ስትበላ ምግቡን በአንድ ጊዜ አትለውጠውም፤ ደረጃ በደረጃ ነው። በየደረጃው የሚገኘውን ጥቃቅን ንጥረ ነገር እየለየ የሚለካ መሣሪያ በቤተ ሙከራው አለ። መሣሪያው ጋ ከመድረሷ በፊት ግን ከምትራባበት ትልቅ ጋን ተቀድታ በብርቱ ቅዝቃዜ ባለችበት ቀጥ ማለት አለባት። ለዚህ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነበራቸው፤ እንደ ውሃ ይፈሳል፣ እንደ ጭስ ይተናል፣ ጣት ከነካው ያቃጥላል። ትነቱ በተዘጋ ክፍል ሰው ያፍናል ተብሎ በኮሪደሩ መጨረሻ፣ መስኮት በበዛበት ክፍል ተቀምጧል። ከእርሾው ጋን እስከዚያ ሠላሳ ሰባት እርምጃ ነው። ዶክተሩ ቤተ ሙከራውን ሲያደራጅ «ግማሽ ደቂቃ ናት፣ ምንም አትል» ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩን ረሳው።

ናሙናውን የሚቀዳው ጋሽ ይፍሩ የሚባል አዛውንት ነበር። ዶክተሩ በመጀመሪያው ቀን «ቀስ ብለው ይያዙት፣ አንዲት ጠብታ እንዳትፈስ» አለው። ጋሽ ይፍሩም ቃሉን አከበረ። ናሙናው ያለበትን ቱቦ በሁለት እጁ ይዞ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ በኮሪደሩ ቀስ ብሎ ያልፋል። ሰው ሰላም ቢለው እንኳ ራሱን አይነቀንቅም። እንዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሄደ።

በነዚህ ዓመታት ሁሉ፣ በእያንዳንዱ ናሙና፣ አንድ ዓይነት አሲድ ተከማችቶ ይገኝ ነበር። ዶክተሩ ስም አወጣለት፤ «ማነቆው» አለው። እርሾዋ እዚህ ጋ ነው የታነቀችው አለ። ማነቆውን ለማላላት አንድ ዘረመል ቆረጠ። አሲዱ አልጠፋም። ሌላ ቆረጠ፣ ሌላ ቀጠለ፤ አሁንም አለ። «አንድ ብቻ ቀረኝ» ይል ነበር በየዓመቱ። ስለ ማነቆው ጽፎ ስሙ ተጠራ፣ ተማሪዎች በማነቆው ተመረቁ፣ ፋብሪካ እንገነባለን የሚሉ ሰዎችም መጡ። እርሾዋ ብቻ ከዓመት ዓመት እየደከመች ሄደች።

ከዕለታት አንድ ቀን የጋሽ ይፍሩ ዓይን ደከመና ለቀጂነቱ ሌላ ሰው ተቀጠረ። ስንዱ ትባላለች። ትምህርቷን ሳትጨርስ ያቋረጠች፣ የስምንት ወር ልጅ ያላት፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። የልጁ አባት ከወጣ አልተመለሰም፤ እሷንና ልጇን የምታሳድራቸው ይህች ሥራ ብቻ ነበረች። ሥራዋም ገና አልጸናላትም፤ የአንድ ወር ሙከራ ነበራት።

ስንዱ በየጠዋቱ ስምንት ናሙና መቅዳት አለባት። ምሳ ሰዓት ደግሞ ሮጣ ቤቷ ደርሳ ልጇን ማጥባት አለባት። ስምንት ጊዜ በዚያ ኮሪደር ቀስ እያሉ መመላለስ ሰዓቷን በላባት። ጥቂት ቀን አሰበችና፣ እርሾውን ወደ ቅዝቃዜው ከመውሰድ ቅዝቃዜውን ወደ እርሾው ማምጣት ይሻላል አለች። አፉ ሰፊ በሆነ የብረት ፔርሙስ ፈሳሹን ቀድታ ጋኑ አጠገብ አስቀመጠች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ከጋኑ ቀድታ ወዲያው ነከረችው። ቀዳች፣ ነከረች። ስምንቱም አለቀ።

ሥራ ሊያስረክባት የመጣው ጋሽ ይፍሩ ቆሞ አያት። «አንቺ ልጅ፣ ቤትሽ ተቃጠለ እንዴ?»

«ቤቴማ ደህና ነው ጋሼ። የተቃጠለው ልጄ ነው፣ በረሃብ።»

«እኔ እኮ አሥራ ሁለት ዓመት እንደ ጠበል ይዤው ነው የሄድኩት።»

«ጠበልም ቶሎ ካልጠጡት ይሞቃል» አለችውና ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ጋሽ ይፍሩ ብቻውን ሳቀ።

ዶክተሩ ግን አልሳቀም። በስንዱ ናሙናዎች ውስጥ አሲዱ የለም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ መሣሪያውን ጠረጠረ፤ አስፈተሸው፣ ደህና ነው። ቀጥሎ እርሾዋን ጠረጠረ፤ እሷም ያችው ናት። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። የቀረችው ስንዱ ነበረች። ሰኞ ጠዋት አስጠራት።

«ስንዱ፣ ናሙናዎቼን ምን እያደረግሻቸው ነው?»

«ምንም ዶክተር። እቀዳለሁ፣ አቀዘቅዛለሁ።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ያየሁት ነገር በአንቺ እጅ ሲገባ ጠፋ። ሐሙስ በሊቃውንት ጉባኤ የማቀርበው እሱን ነው። የሙከራ ጊዜሽ ዓርብ ያልቃል፤ የስንብት ደብዳቤሽ ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሳልፈርመው እውነቱን ንገሪኝ።»

ነገረችው። ፔርሙሱን፣ ጋኑን፣ መስኮቱን።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም። ልጄን ለማጥባት ብዬ ነው።»

«ስለዚህ ለልጅሽ ስትይ ሥራዬን አበላሸሽው!»

ስንዱ ወደ በሩ አየች፣ ወደ ደብዳቤው አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ስለ እርሾ አላውቅም ዶክተር። አንድ ነገር ልናገር?» አለች።

«ተናገሪ።»

«ልጄን የምተወው ጎረቤቴ እትዬ ጥሩዬ ጋ ነው። ምሳ ሰዓት በሩን ስከፍት ሁልጊዜ ያለቅሳል። ድምፁ እስኪዘጋ ነው የሚያለቅሰው። እሷ ‘ሲስቅ ነው የዋለው’ ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ አላመንኳትም። ትቆነጥጠዋለች ብዬ ጠረጠርኩ። ተጣልቻት ልወስደው ሁሉ ነበር። አንድ ቀን በሩን ከመክፈቴ በፊት በመስኮት አየሁት። ሳፋ ውስጥ ተቀምጦ በማንኪያ የድስት ክዳን እየደበደበ ይስቃል። ከዚያ ገባሁ። ገና ሲያየኝ ከንፈሩን ጣለና አለቀሰ። ያ ልቅሶ ቀኑን ሙሉ የነበረ አይደለም። እኔ ስገባ የመጣ ነው።»

«እና ይህ ከእኔ ሥራ ጋር ምን አገናኘው?»

«ጋሼ ተሸክሟት ሲሄድ፣ እርሾዋ መንገድ ላይ ምን እንደሆነች ማን አየ?»

ዶክተሩ «ሂጂ» አላት፤ ሄደች።

ብቻውን ሲቀር ግን ወንበሩ አላስቀምጥ አለው። በጋኑ ውስጥ አየር ያለማቋረጥ ይነፋል። በቱቦ ውስጥ አየር የለም። አየር ያጣች እርሾ ደግሞ በጥቂት ሰከንድ መንገዷን ትቀይራለች፤ የተረፈውን ወደ አሲድ ታዞረዋለች። ይህን ለተማሪዎቹ ራሱ ሲያስተምር የኖረው ነው። ለሌላው የሚያስተምረውን በራሱ ኮሪደር ላይ አላሰበውም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዶክተሩ ደብዳቤውን ቢፈርም ማንም አይጠይቀውም። ስንዱ ትሄዳለች፣ አዲስ ቀጂ ይመጣል፣ «ቀስ ብለህ ያዝ» ይባላል፣ አሲዱም ይመለሳል። ጉባኤው ያጨበጭባል፣ ፋብሪካው ይሠራል። ባይፈርም ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመቱ ባዶ ይሆናል። በአንድ ወገን የእርሱ ስም፣ በሌላው ወገን የአንዲት እናት እንጀራ። እውነቱ ደግሞ የት እንዳለ ሳያውቅ አልቀረም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ይፍሩንና ስንዱን ጠርቶ «ከአንድ ጋን አራት ናሙና እንቀዳለን» አለ። አንዱን ስንዱ ወዲያው ነከረችው። ሁለተኛውን ጋሽ ይፍሩ አሥር እርምጃ ይዞት ሄደ፣ ሦስተኛውን ሃያ፣ አራተኛውን እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ። መሣሪያው ከቀትር በኋላ ውጤቱን አወጣ። በመጀመሪያው አሲዱ እምብዛም የለም። በአሥሩ ብቅ ብሏል፣ በሃያው አድጓል፣ በሠላሳ ሰባቱ ማነቆው ራሱ ነው፤ ዶክተሩ የሚያውቀው፣ ስም ያወጣለት።

ጋሽ ይፍሩ ወረቀቱን ማንበብ ባይችልም የዶክተሩን ፊት አነበበ። «እንግዲያ አሥራ ሁለት ዓመት ስበድልዎ የኖርኩት እኔ ነኛ?»

«አይደሉም» አለ ዶክተሩ። «ቀስ ይበሉ ያልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ እንደታዘዙት ነው የሄዱት። የበደልኩት እኔ ነኝ፣ የተበደለችውም እርሾዋ ናት።»

ሐሙስ በጉባኤው ፊት ቆመና «አሥራ ሁለት ዓመት የእርሾዋን ማነቆ አገኘሁ ስላችሁ ኖሬአለሁ። ያገኘሁት የራሴን ኮሪደር ነው» አለ። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራቸው። የቀጂዋን ስም ጨምሮ።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሊቅ «እና ዶክተር፣ ይህን ሁሉ ዘመን ኮሪደር ሲያጠኑ ኖሩ ማለት ነው?» አለው። አዳራሹ ሳቀ።

«አዎ» አለ ዶክተሩ። «አሁንማ ርዝመቱን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም።» ሳቁ በረደ። የፋብሪካው ሰዎች ግን በጎን በር ወጡ፤ ተመልሰውም አልመጡም።

ዓርብ ዕለት ስንዱ የቋሚነት ደብዳቤ ተቀበለች። ምሳ ሰዓቷም ተራዘመላት።

መድኃኒቱስ በዛ ወይ የሚል አይጠፋም። ወዲያው አልበዛም። ዶክተሩ መጀመሪያ የሠራው ሌላ ነገር ነው፤ በእርሾዋ ላይ የቆረጠውንና የቀጠለውን አንድ በአንድ ወደ ነበረበት መለሰ። ይህም ሁለት ዓመት ወሰደበት። በእያንዳንዱ መመለስ እርሾዋ እየበረታች መጣች። ያኔ ነው አሥራ ሁለት ዓመት ያደከማት ምን እንደሆነ የገባው። የሌለባትን በሽታ ሲያክም ነበር፤ ያሳመማትም ሕክምናው ነው። እውነተኛ ድካሟን መፈለግ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬም ይፈልጋል።

እኛስ? ሠራተኞቹ እሱ ሲገባ ዝም ስለሚሉ «ሐሳብ የሌላቸው ናቸው» የሚል አለቃ ስንት አለ? እየጮኸ ጠይቆ፣ ልጁ ቃል ሲያጣ «ይህ ልጅ ደንዝዟል» ብሎ መካሪ የሚፈልግለት አባትስ? ሰውን የምናየው እኛ ፊቱ ስንቆም የሚሆነውን ነው። ያንን ጠባዩ ነው ብለን እንይዛለን፤ ይዘን አንተውም፤ ልናርመው እንነሳለን። ስናርመው ይብስበታል፤ ሲብስበት «አላልኳችሁም?» እንላለን። በደላችንን የሚነግረን ሰው ሲገኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእኛ ያነሰ ነው፤ ቀላሉም ነገር እሱን ማሰናበት ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በቅርብህ ስላለ አንድ ሰው «እሱ እንዲህ ነው» ብለህ የደመደምከውን አስብ። አንተ በሌለህበትም እንዲሁ መሆኑን በምን አወቅህ?