ለዳኛ የቆዩት ዝንጀሮዎች

«በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» የሚል የቆየ አነጋገር አለ። ወራጅ ውኃ በዚህ ቃል ሲቆም ያየ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ዝንጀሮ መቆሙን ግን የጭንጫ ሰዎች አይጠራጠሩም፤ ከዚያ ቀን ወዲህም በአገራቸው ሌላ ምሳሌ ተጨምሯል። አመጣጡ እንዲህ ነው።

ጭንጫ በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። የአገሩ ገዥ አደን የሚወዱ ሰው ነበሩና በገደሉ ያለ አውሬ ሁሉ ያለ ፈቃድ እንዳይገደል በአዋጅ ከለከሉ። አዝመራ የሚያጠፋ አውሬ ሲኖር ግን ጭቃ ሹሙ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ማሳው ድረስ ሄዶ፣ አውሬው ሲበላ በዓይኑ አይቶ እንዲገደል ሊፈቅድ ይችላል። ይህ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ቀደም ሲል አንድ ሰው «አተሬን ፈጀብኝ» ብሎ ድኩላ ከገደለ በኋላ፣ በዚያ ዓመት አተር የሚባል አለመዝራቱ ተደርሶበት ነበር።

በመንደሩ ጓንጉል የሚባል ገበሬ ይኖር ነበር። ሕግ አክባሪ ነው፤ ሙግትም ይወዳል። የጎረቤት ጥጃ አጥር ጥሶ ቢገባበት እንኳ ከማባረሩ በፊት ምስክር ይጠራል። በዚያ ዓመት ገብሱን በረዶ ስለ መታበት የቤተሰቡ ቀለብ አፋፉ ላይ ያለችው የባቄላ ማሳ ብቻ ነበረች። አንድ ማለዳ ከሚስቱ ከእንጉዳይ ጋር ወደ ማሳው ሲወርድ፣ የዝንጀሮ መንጋ እሸቱን ሲቀጥፍ አገኘ።

እንጉዳይ ወንጭፉን ከወገቧ ፈታች።

«ወዲህ በይ ወንጭፉን» አላት ጓንጉል።

«ልታባርራቸው ነው?»

«ዛሬ ባባርራቸው ነገ ይመለሳሉ። ጭቃ ሹሙን አምጥቼ አስፈርድባቸዋለሁ።»

«አዋጁ አትግደል አለ እንጂ አታባርር አለ እንዴ፣ አንተ ሰው?»

«ካባረርናቸው ጭቃ ሹሙ መጥተው ምን ያያሉ? አንቺን?»

ይህን ብሎ በዳኛ ፊት እንደሚቆም ሰው ነጠላውን አደግድጎ ድንበሩ ላይ ወጣ። በመንጋው መካከል ጋማው ትከሻውን የሸፈነ ትልቅ ግመሬ ነበር። ጓንጉል ጣቱን ወደ እርሱ ቀስሮ «በሕግ አምላክ፤ ከዚህች ማሳ ንቅንቅ እንዳትል» አለው።

ግመሬው ድንጋይ ሳይወረውር የሚናገር ሰው ከዚያ በፊት አይቶ ስለማያውቅ፣ የባቄላ ዘለላ እንደ ያዘ ቁጭ ብሎ ተመለከተው። አውራቸው ሲቀመጥ የቀሩትም ተቀመጡ።

«አየሽ?» አለ ጓንጉል።

«ሲቀመጥማ አየሁ።»

«እንግዲህ ሕግ ይዞታል» ብሎ ወንጭፉን አንገቱ ላይ አጥልቆ ሄደ።

ጭቃ ሹም አድማሱ ከወንዝ ማዶ ተዝካር ላይ ነበሩ።

«ጌታዬ፣ ዝንጀሮ ማሳዬ ገብቶብኛልና ይነሡልኝ።»

«አሁንም እዚያው አሉ?»

«በሕግ አምላክ ብዬ አቁሜያቸዋለሁ።»

ጭቃ ሹሙ ጉርሻቸውን ይዘው ቀሩ። «ቆሙ?»

«እንዲያውም ተቀመጡ።»

«ከተቀመጡማ ምን ያጣድፈናል? አንተም ተቀመጥና ብላ፤ የሙት ማዕድ ረግጦ መነሣት ነውር ነው።»

በአጠገባቸው የነበሩት ሽማግሌ አባ ጀንበሬ «ግመሬው ዋስ ጠርቷል?» ብለው ጠየቁ።

ጓንጉል ዋስ አለመጠየቁ ትዝ ቢለው ደነገጠ።

«ግዴለም» አሉ አባ ጀንበሬ። «አገር ያለው ነው፤ የት ይጠፋል።»

በዚህ መካከል እንጉዳይ ማሳው ላይ ስትጮኽና ጓል ስትወረውር ዋለች። ዝንጀሮ ግን ወንጭፍ ያልያዘች ሴት አይፈራም። በዚህ በኩል ስትመጣባቸው ወደዚያ ፈቀቅ ይላሉ፤ ከዚያም መብላታቸውን ይቀጥላሉ። ጓንጉል ጭቃ ሹሙንና ሽማግሌውን ይዞ ሲደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ሚስቱን ድንበሩ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኛት።

«ዝንጀሮዎቹስ?»

«በሉ፣ ጠገቡ፣ ወረዱ። ደኅና ዋል ብለውሃል።»

ጭቃ ሹሙ ጎንበስ ብለው አንድ ባዶ አገዳ ነቀሉና አገላብጠው አዩት። «ሕጉ አውሬው ሲበላ በዓይን ይታይ ነው የሚለው። እኔ የማየው አገዳ ነው። የራስህ ከብት ገብቶ እንደ ሆነስ?»

«ጌታዬ፣ እንጉዳይ አይታለች።»

«አይቻለሁ» አለች እንጉዳይ። «ወንጭፉን አንገቱ ላይ አጥልቆ ሲሄድ አይቻለሁ።»

ጭቃ ሹሙ ተከሳሽ በሌለበት አልፈቅድም አሉ። ጓንጉል ወደ ገደሉ አፍ ሄዶ ቁልቁል «በሕግ አምላክ» ብሎ ተጣራ። ገደሉ ቃሉን እንዳለ መለሰለት፤ ከዝንጀሮዎቹ ግን አንድም የተመለሰ የለም።

አባ ጀንበሬ ማሳው ላይ ከዳር እስከ ዳር ተመላለሱ፤ አንዲት የባቄላ ፍሬ ፈልገው አጡ። ከዚያም በምርኩዛቸው ተደግፈው ዛሬ ሰው ሁሉ የሚተርተውን ቃል ተናገሩ፦ «ዝንጀሮን ለዳኛ ያስጠበቀ፣ ባቄላው ሳይወቃ አለቀ።»

በማግሥቱ መንጋው የጭቃ ሹሙ ስንዴ ውስጥ ገባ።