አህያና የዋሻው ባለ ቀለም መስኮት

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ጉዳያቸውን ሁሉ በአንድ ሰፊ ዋሻ ውስጥ ተሰብስበው በሚጨርሱበት አገር፣ የአያ አንበሶ እናት ደረቷን ታመመች። ዋሻው በምሥራቅ በኩል ትልቅ ቀዳዳ ነበረው። ጧት ጧት ፀሐይ የምትገባው በእሱ ነው፤ ነፋሱም የሚገባው በዚያው ነው። ነፋሱ በገባ ቁጥር አሮጊቷ አንበሲት ትስላለች፣ ትስልና ጎኗን ይዛ ታቃስታለች።

አንበሳ አራዊቱን ሰብስቦ፣ «ምን ይሻላል?» ብሎ ጠየቀ።

«ይኼማ ምን ያስጨንቃል!» አለ ጅብ። «ድንጋይ እናንከባልልና እንድፈነው።»

አሮጊቷ ይህን ስትሰማ ከተኛችበት ቀና አለች። «ስማ አንተ ጅብ፣ ገና ሳልሞት ልትቀብረኝ ነው እንዴ? ፈጣሪ የሚያወጣትን ፀሐይ ሳላይ ከምውል ሳሉ ይሻለኛል።»

አንበሳ በጭራው መሬቱን መታና፣ «ነፋሱን ዘግቶ ብርሃኑን የማይዘጋ ካለ የለመነኝን እሰጠዋለሁ። ቃሌ ቃል ነው» አለ።

ጅብ «የለመነኝን» የሚለውን ሲሰማ ዓይኑ ከአህያ እግር ሥር ወደቆመችው ውርንጭላ ሄደ። ምራቁን ዋጠ። ቀበሮም ከየአደኑ የመጀመሪያውን ሙዳ ሥጋ አሰበና ከንፈሩን ላሰ። አህያ የጅብን ዓይን አይታ ልጇን ወደ ሆዷ አስጠጋቻት። ከዚያ ፈራ ተባ እያለች ወደ ፊት ወጣች።

«ጌታዬ፣ ከፈቀዱልኝ እኔ ልሞክር። ድሮ አንድ የብርጭቆ ባለሙያ ዕቃውን ያሸክመኝ ነበር። ለአንድ ደብር መስኮት ሲሠራ ግቢው ውስጥ ቆሜ እጁን ስመለከት እውል ነበር። ባለ ቀለም ብርጭቆ ቁራጭ ከቁራጭ እያጋጠመ ቀዳዳውን ይሞላዋል። ነፋስ አያልፍም። ብርሃን ግን ቀለም ለብሶ ይገባል።»

«ብርሃን ቀለም ይለብሳል?» አለች አሮጊቷ፤ ጆሮዋ ቆመ። «እንዴት አድርጎ?»

«እሱን እኔም በአፌ ልነግርዎት አልችልም እሜቴ። ሲያዩት ነው።»

«ብታሳኪው ምን ትለምኛለሽ?» አለ አንበሳ።

«ከዋሻው በታች ካለው ሣር ላይ፣ በእርስዎ ጥላ ሥር፣ ልጄን ያለ ስጋት ማሳደር ብቻ ነው ጌታዬ።»

«መልካም። ነገር ግን አንቺ ብቻ አውቀሽው ነገ ቢሰበር ማን ይጠግነዋል? መማር ለሚፈልግ ሁሉ አስተምሪ። ቀድሞ አሳምሮ የሠራም ሽልማቱን ይወስዳል።»

«እኔ እማራለሁ!» ብሎ ጅብ ዘሎ ተነሣ።

«እኔም እውቀት እወዳለሁ» አለ ቀበሮ፣ በትሕትና አንገቱን ሰበር አድርጎ።

በማግሥቱ ባለሙያው ስባሪውን ይጥልበት ወደነበረው ሸለቆ ወረዱ። ሰማያዊው፣ አረንጓዴው፣ የማር ቀለም ያለው፣ ቀዩ፣ ሁሉም አፈር ለብሶ ተደባልቆ ተኝቷል። ለቅመው፣ በወንዝ ውኃ አጥበው፣ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ከመሩት። ያኔ ውርንጭላዋ ወደ እናቷ ጆሮ ተጠጋች።

«እማ፣ እኔን ሊበላ ለሚፈልግ ሥራሽን ታሳይዋለሽ? ትንሽ እንኳ ደብቂ እንጂ!»

«ብደብቅ የሚጎድለው መስኮቱ ነው ልጄ። የምትስለውም ያቺ አሮጊት ናት። እኔ ያየሁትን በሙሉ ላስተምር፤ የቀረውን ለፈጣሪ ልስጠው» አለች አህያ። እንዲህ ትበል እንጂ ዓይኗን ከጅብ ላይ አላነሣችም።

ከዚያ አሸዋውን አስተካክላ፣ በሰኮናዋ ጫፍ የምትወጣ ፀሐይ፣ ከሥሯም ቅጠሎች ሣለች።

«መጀመሪያ ሥዕሉ ይሠራል» አለች። «ቀጥሎ ለያንዳንዱ ቦታ አንድ ቁራጭ ይመረጣል። አንድ ብቻ። ጠርዙ በድንጋይ ይሞረዳል። በቁራጭና በቁራጭ መሃል ትንሽ ክፍተት እንተውና በማጣበቂያ እንሞላዋለን። ማጣበቂያው የንብ ሰም፣ ሙጫና የከሰል ዱቄት ነው።»

«ክፍተቱ ለምን?» አለ ቀበሮ። «ብርጭቆውን ማጠጋጋት ስንችል?»

«ብርጭቆ ከብርጭቆ ጋር ከተገፋፋ ይሰነጠቃል አያ ቀበሮ። ትንሽ ቦታ ሲለቃቀቅ ነው አብሮ የሚኖረው።»

ጅብ በዚህ መሃል አንዱን ቁራጭ አንሥቶ ያሸትት ነበር። «እመት አህያ፣ ቀዩ ይበላል?»

«አይበላም አያ ጅቦ።»

«አረንጓዴውስ?»

«እሱም አይበላም።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ለምን ለቀምነው!»

አህያ አልተቆጣችም። የጅብ መንጋጋ የብርጭቆ ጠርዝ ለመሸረፍ ከጉጠት የተሻለ መሆኑን አየችና እንዴት ቀስ አድርጎ እንደሚነክስ አሳየችው። ጅብም ነከስ፣ ተፋ፣ ነከስ፣ ተፋ እያለ እንዳሰበችው ሸረፈላት። (የጅብ አፍ ስለሆነ ነው እንጂ፣ ልጆች፣ ብርጭቆ ወደ አፍ አይቀርብም።) «ደግ መንጋጋ አለህ!» አለችው አህያ። ጅብ በሕይወቱ ከዚያ በፊት ተመስግኖ አያውቅምና ጆሮውን አከከ።

«አሁን ዋናውን ልንገራችሁ» ብላ ቀጠለች አህያ። «ብርጭቆ መሬት ላይ ተኝቶ እውነቱን አይነግራችሁም። ከመለጠፋችሁ በፊት እያንዳንዱን ወደ ፀሐይ አንሡት፤ በውስጡ አሻግራችሁ እዩ።» ሰማያዊ ቁራጭ በከንፈሯ ይዛ ቀና ስትል፣ የውርንጭላዋ ግንባር ሰማያዊ ሆነ። ውርንጭላዋ ቀለሙን ልታራግፈው ራሷን ብትነቀንቅ አልወርድ አላት። ደነቃት፤ ሸሸት ስትል ቀለሙ ጠፋ፤ ተመልሳ ስትቆም መጣ። እንደገና ሸሸች፣ እንደገና መጣች።

ጅብና ቀበሮ ግን ይህን አላዩም፤ አልሰሙምም። ቀበሮ ጅብን ከዋርካው ጀርባ ጎትቶት ሄዶ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ሥራው ይኼው ነው፤ ቁራጭ መለጠፍ። የቀረው የአህያ ወሬ ነው። እሷ እያንዳንዷን እያሻሸች ስትውል እኛ ቀድመን እንጨርሳለን። አንተ ዓይን የሚስበውን ሰብስብ። ምን ቀለም ትወዳለህ?»

«ቀይ!»

«ቀዩን ሁሉ ሰብስባ! ሠርተን ስንጨርስ አንተ ያቺን ውርንጭላ ትለምናለህ። የእኔን ድርሻ ለእኔ ተወው።»

አህያ ለማጣበቂያው ሰም ልታመጣ ዞር ስትል፣ ጅብ አንድም ቀይ ሳያስቀር ለቀመ። ከቀበሮ ጋር ራቅ ብለው የእንጨት ክፈፍ አበጅተው መለጠፍ ጀመሩ። ጅብ አንድ ቀይ ለጠፈና ራሱን ነቀነቀ።

«ሣሣብኝ። ሥጋ እንዲህ ሲሣሣ አይቼ አላውቅም።» በላዩ ላይ ሌላ ደረበ፤ በእሱም ላይ ሌላ። የያዘውን ትቶ መሄድ የማይሆንለት ፍጥረት ነው።

ቀበሮ መሬት ላይ ያለውን ሥራ ጎንበስ ብሎ አየው። ወፍሯል፣ ደምቋል። «እንዲያ ነው እንጂ! አሁን ቁም ነገር መሰለ» አለ።

አህያ ስትመለስ ቀዩ የለም። በቀይ ልትሠራት ያሰበቻት ፀሐይ ቦታዋ ባዶ ቀረ። ማን እንደወሰደው ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም፤ ነገር ግን ከጅብ ጋር ክርክር ልትገጥም አልደፈረችም። ሥዕሉን እያየች ብዙ ቆመች። በመጨረሻ የማር ቀለም ያላቸውን ቁራጮች አንድ በአንድ እያነሣች፣ ወደ ሰማይ እያሳየች መምረጥ ጀመረች። አንዱ ወፍራም ማር ይመስላል፤ አንዱ ገና ከቀፎ የወጣ ነጣ ያለ ማር ይመስላል። ፀሐይዋን በእነሱ ሠራቻት።

አህያ ማጣበቂያዋ እስኪደርቅ ስትጠብቅ፣ ቀበሮና ጅብ የራሳቸውን ተሸክመው ዋሻው ደረሱ። ጧት ነበር፤ ነፋሱ በቀዳዳው እየገባ ያፏጫል፣ አሮጊቷም ትስላለች። አራዊቱ ሁሉ ለማየት መጥተዋል። አህያም ወሬውን ሰምታ ልጇን አስከትላ በሩጫ ደረሰች። ቀበሮ ሥራውን ከጨለማው ግድግዳ ጋር አስደግፎ አቆመና ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ጌታዬ፣ ይኸው!»

አንበሳ ወደ ግራ አየው፣ ወደ ቀኝ አየው። «ምንድን ነው ይኼ? የቆየ ጉበት ነው?»

«ወዴት አለ ጉበት?» አለ ጅብ፣ ዞር ዞር እያለ።

ቀበሮ ነገሩ እንዳልያዘለት ሲያይ ድምፁን አለሰለሰ። «እንግዲህ ጌታዬ፣ እኛ ምን እናድርግ? አህያ ያስተማረችንን ነው የሠራነው። ጥፋቱ የመምህሯ ነው።»

አንበሳ ወደ አህያ ዞረ። «እናቴ እንዲህ እየተሠቃየች አንቺ ትቀልጃለሽ?»

«ጌታዬ» አለች አህያ፣ «ባለ ቀለም ብርጭቆ ግድግዳ ላይ አይታይም። ወደ ቀዳዳው ያንሡት። ብርሃን ከጀርባው ይሁን።»

ጅብና ቀበሮ አንሥተው ቀዳዳው ላይ ገጠሙት። ዋሻው ድቅድቅ አለ! ብርሃኑ ጠቅላላ ጠፋ።

«ኧረ ጨለመብኝ!» ብላ አሮጊቷ ጮኸች።

አንበሳ አገሳ። «ይኼ ነው ሙያሽ? ከድንጋዩ በምን ይሻላል? ከዛሬ ጀምሮ ከአገሬ ውጪ! ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ያገኛችሁ ያግኛችሁ።»

ጅብ ክፈፉን በአንድ እጁ እንደያዘ፣ በጨለማው ውስጥ ውርንጭላዋ የቆመችበትን ማሽተት ጀመረ። አህያ ልጇን በሰውነቷ ከለለቻት።

«ቆዩ!» አለች አሮጊቷ በድንገት። «ይቺ ምንድን ናት?»

ከጥቁሩ ክፈፍ ጥግ አንዲት ቀጭን ቀይ ብርሃን አምልጣ የአሮጊቷ እግር ላይ አርፋለች። አሮጊቷ እግሯን ሳበች፤ ብርሃኑ መሬት ላይ ቀረ። መልሳ ዘረጋች፤ ጥፍሮቿ ቀሉ። አሸተተቻት፤ አትሸትም። ዳሰሰቻት፤ አትያዝም።

«ይቺን ማን ነው የሠራት?» አለች።

«እኔ! እኔ ነኝ እሜቴ!» አለ ጅብ በኩራት።

«እንዴት አድርገህ?»

«እሷስ ተበላሽታብኝ ነው። እዚያ ጋ ስቀምሳቸው ሁለቱ ቁራጮች ምላሴ ላይ ተጣብቀው ወጡና አንድ ብቻ ቀረ። ሌላው ቦታ ግን ሦስት ሦስት ነው! ቀበሮ እንኳ ‹ቁም ነገር መሰለ› ብሎኛል።»

«ዝም በል አንተ!» አለ ቀበሮ በጥርሱ መካከል።

«ለምን ዝም እላለሁ? ቀዩን ሁሉ ከአህያ ላይ የሰበሰብኩትም እኔ ነኝ። አንተ ምን ሠራህ?»

አንበሳ ቀስ ብሎ ወደ ቀበሮ ተጠጋ። «አህያ ያስተማረችንን ነው የሠራነው አላልክም?»

«አስተምራናለች ጌታዬ፣ አስተምራናለች። ብቻ ዋናውን ስትናገር… እኔ ትንሽ ወጣ ብዬ ነበር።»

«አንድ ቦታ፣ አንድ ቁራጭ ብያችሁ ነበር» አለች አህያ። «ሲደራረብ ብርሃን መንገድ ያጣል።»

የቀበሮና የጅብ ክፈፍ ወረደ፤ የአህያም ሥራ ደርቆ ነበርና ከዋርካው ሥር መጣ። መሬት ላይ ሲያኖሩት ይህም የደበዘዘ፣ ጥቁር መስመር የበዛበት ነገር ነበር። አንበሳ በጥርጣሬ አየው። ቢሆንም የእናቱን ዓይን አየና ራሱ አንሥቶ ገጠመው። አህያ ዳር ዳሩን በሰም መረገች።

መጀመሪያ የነፋሱ ፉጨት ጠፋ። ቀጥሎ ፀሐይ በብርጭቆው አልፋ ገባች፤ የዋሻው ወለል በቅጠል ተሸፈነ። ሊነኩት የማይቻል አረንጓዴ ቅጠል፣ ከበላዩ ሰማያዊ፣ መሃሉ ላይ ማር የመሰለች ፀሐይ። አሮጊቷ ክንዷን እያገላበጠች አየች።

«አረንጓዴ ሆንኩ!» ብላ ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ ሁሉም ሳሉን ጠበቀ፤ ሳሉ አልመጣም።

«ሣሩ የአንቺና የልጅሽ ነው» አለ አንበሳ አህያን። «ጅብ! እዚያ ሣር ላይ ዱካህን እንዳላይ። ቀበሮ! አንተ ይኼን ጉበት የመሰለ ነገር ፍቀህ፣ ቁራጮቹን አጥበህ ለመምህርሽ… ለመምህርህ ታስረክባለህ።» በቁጣው ምላሱ ስለተሳሰረ አራዊቱ ሳቃቸውን ዋጡ።

«የእኔ መንጋጋስ?» አለ ጅብ እያዘነ። «ደግ መንጋጋ አለህ ብላኝ ነበር።»

አህያ ትንሽ አሰበች። «የሚሰበር ሲኖር በቀን፣ ጌታዬ ባሉበት፣ መጥቶ ይሽረፍልኝ።»

«ምሳ አለው?» አለ ጅብ፤ ያኔ ሳቁን መያዝ የቻለ አልነበረም።

አራዊቱ ሲበተኑ ፀሐይዋ ከፍ እያለች ሄደች፤ ቀለሞቹም ወለሉ ላይ ቦታ መልቀቅ ጀመሩ። «ወዴት እየሄዱ ነው?» አለች አሮጊቷ። ተነሥታ በቀስታ ተከተለቻቸው። የማር ቀለም ያላት ፀሐይ ያረፈችው፣ በድካም እንቅልፍ የወሰዳት ውርንጭላ ጀርባ ላይ ነበር። አሮጊቷ አንበሲት እንዳትቀሰቅሳት ትንፋሽዋን ቀነስ አድርጋ ከጎኗ ተጋደመች።

ከዚህ የምንማረው፣ የሚያስተምረንን እስከ መጨረሻው ሰምተን ለሌላውም ቦታ ትተን የሠራነው ሥራ ብርሃን እንደሚያሳልፍ፣ ለራሳችን ብቻ የደራረብነው መልካም ነገር ግን እጃችን ላይ እንዳለ እንደሚጨልምብን ነው።