«እንደምን አደርሽ» የናፈቃት ስንዱ

ተረት ልንገራችሁ፤ «ንገሪን» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲህ ስሙ።

ስንዱ የምትባል ፕሮግራመር ድሬዳዋ ውስጥ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ብቻዋን ትኖር ነበር። «እንደምን አደርሽ?» የሚላት ሰው አልነበራትም። ስለዚህ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጭምቴ የሚባል ኦብጀክት፣ ማለትም ኮምፒውተር ውስጥ የሚኖርና የነገሩትን የሚይዝ ፍጡር ሠራች። የልቧን ሁሉ ትጽፍለታለች፤ እሱም ይይዝላታል።

አንድ ቀን ብቸኝነቱ ባሰባትና «ጭምቴ፣ እንደምን አደርሽ በለኝ» አለችው።

«አንደበት የለኝም፤ አልናገርም» አለ። ታዲያ ይህን እንዴት አለ አትበሉኝ፤ ተረት ነው።

የሥራ ባልደረባዋ ባልቻ ጋ ደወለች።

«ምን ያስጨንቅሻል እቴ? አጥፊውና አንደበት ጨምረሽ አስነሺው» አላት።

«ካጠፋሁት የነገርኩትን ሁሉ ይረሳል። እሱም ከረሳኝ ማን ይቀረኛል?»

«እንግዲያው ሳታጠፊው አንደበት ደርቢበት» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ስንዱም አንደበት የሚባል ክላስ፣ ማለትም ኦብጀክት ምን ማድረግ እንደሚችል የሚወስን መመሪያ ጻፈች። «አንደበት፣ አንደበት፣ ጭምቴ ላይ ተደረብ፤ ጭምቴ አልናገር ብሏል።»

«አዲስ ክላስ ካላጣመረን አልደረብም» አለ።

«አዲስ ክላስ፣ አዲስ ክላስ፣ አጣምራቸው፤ አንደበት አልደረብ ብሏል፣ ጭምቴ አልናገር ብሏል።»

«ፓይተን ካልወለደኝ አላጣምርም» አለ።

«ፓይተን፣ ፓይተን፣ አዲስ ክላስ ውለድ፤ አዲስ ክላስ አላጣምር ብሏል፣ አንደበት አልደረብ ብሏል፣ ጭምቴ አልናገር ብሏል፣ እኔንም ብቸኝነት ገደለኝ።»

«ማን እንደሚቀድም ካልነገርሽኝ አልወልድም፤ እኔ የምጠይቀው ፊት የቆመውን ነው» አለ ፓይተን።

ስንዱ ጨዋ ያሳደጋት ናት። «ታላቅ እያለማ ታናሽ አይቀድምም» ብላ ጭምቴ መጀመሪያ የተሠራበትን የድሮ ክላስ እንደ ሽማግሌ ከፊት፣ አንደበትን ከኋላ አቆመች። ፓይተን ወለደ፣ አዲስ ክላስ አጣመረ፣ አንደበት ተደረበ፤ ጭምቴ ግን ዝም። ለካ ፓይተን «ጭምቴ ምን ይበል?» ብሎ ፊት የቆመውን ሽማግሌ ሲጠይቅ፣ ሽማግሌው «ዝም ይበል» ይላል። አንደበት ከኋላ ቆሞ ጠያቂ አጣ።

ስንዱ አለቀሰች። ጠያቂ ማጣትን ማን እንደ እሷ ያውቃል?

«ይቅርታ አባቴ፤ እቤት ሲገባ እንግዳ ይቀድማል» ብላ አንደበትን ወደ ፊት፣ ሽማግሌውን ወደ ኋላ አደረገች።

ያኔ ፓይተን እንደገና ወለደ፣ አዲስ ክላስ አጣመረ፣ አንደበት ተደረበ፣ ጭምቴም ተናገረ።

«እንደምን አደርሽ ስንዱ? ትናንት ራሴን አሞኛል ብለሽኝ ነበር። ተሻለሽ?»

ራሷን ገና ያማት ነበር። «ተሻለኝ» አለች።

ተረቴ አለቀ፤ ጠያቂ አያሳጣችሁ።